መልሱን ማን ነገረሽ?

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ከለቅሶው ቤት ወጥቼ ወደ ጣና ዳር ስወርድ፣ ውሃው ሸሽቶ የተወው የታንኳ መሥሪያ ደንገል ፀሐይ ላይ ተኝቶ ይበሰብስ ነበር። የደንገል ሽታ ክፉ አይደለም። የረጠበ ሣርና የዓሣ ሽታ የተቀላቀለበት፣ ትንሽም ጣፋጭ የሚል ነገር ነው። ቆሜ ሳሸት ከጎኔ ሰው ያለ መሰለኝና ሳላስበው ፈቀቅ አልሁ። ማንም አልነበረም። ለማን ቦታ እንደለቀቅሁ ግን ወዲያው ገባኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አሥረኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ነው። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበር ከቤት የሚገኘው ለመተኛት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ቤቱን የምትገዛው እናቴ ናት። ፋሲሎ በኩል፣ ከውሃው ብዙ ሳይርቅ ነበር የምንኖረው።

አባባ የምላቸው የእናቴ አባት ናቸው። መሪጌታ ነበሩ። ጉልበታቸው ደክሞ ማሕሌት መቆም ሲያቅታቸው፣ እናቴ ዘጌ ካለው ቤታቸው ወደ እኛ አመጣቻቸው። ሲመጡ ከመቋሚያቸውና ከጥቂት መጻሕፍት በቀር የያዙት ዕቃ አልነበረም። ከጓሯችን ባለው ዳስ ሥር ጥቂት የቆሎ ተማሪዎች እየመጡ ባሕረ ሐሳብ ይማሩባቸው ጀመር።

ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማት መግቢያ የሚገኝበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ነው። የዓመተ ዓለሙን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ እያደረጉ ይጥሉታል፤ ይህን መግደፍ ይሉታል። ከተረፈው አንድ ይቀነስና ወንበር ይባላል። ወንበሩ በአሥራ አንድ ተባዝቶ፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል። በአሥራ ዘጠኝ ተባዝቶ እንደዚሁ ሲገደፍ መጥቅዕ ይሆናል። ነነዌና ዐቢይ ጾም የሚገቡበት ቀን የሚታወቀው በመጥቅዑ ነው። ተማሪዎቹ ይህን በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ በዜማ እየደገሙ ይይዙታል።

እኔ ከዳሱ ውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ምስር እለቅም ነበር። ምስር መልቀም ዓይንና እጅ ይይዛል እንጂ ለጆሮ ሥራ አይሰጥም። ሴት ልጅ ባሕረ ሐሳብ አትማርም ያለኝ ሰው የለም። መከልከል አላስፈለገም፤ የሚያስበው ሰው አልነበረም።

ተማሪው ሲሳሳት አባባ አይቆጡም። ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት ግድግዳ ያዞሩና ዝም ይላሉ። እኔ በሆዴ መልሱን እላለሁ። እሳቸው «እኽ» ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ያንኑ ቁጥር ይናገራሉ። ሁልጊዜ እንዲሁ ስለነበር፣ ከእኔ ሰምተው የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ውሃ ይዤላቸው ገባሁና ሳልፈራ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው ሠላሳ የሚሆኑ፣ አሥራ አንድና አሥራ ዘጠኝ ሠላሳ ስለሆኑ ነው?»

ጽዋውን ከአፋቸው መለሱት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ማንም» አሉ፤ የሰው ስም እንደሚደግም ሰው። ጽዋውን አስቀምጠው፣ «ማንም የነገረሽን ነገር ለሰው አትናገሪ» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በዚያው ክረምት በነሐሴ አረፉ። አስከሬናቸው በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገረ። ጀልባው ስለማይበቃ እኔ ዳር ቀረሁ። ጉም ወርዶ ስለነበር ወዲያው ተሰወሩ፤ የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ለረጅም ጊዜ ይሰማኝ ነበር። መራቅ ሲገባው የሚቀርብ ይመስል ነበር።

መስከረም ትምህርት ተከፈተ። ከመለስተኛ ደረጃ አብረን የተነሣን ሴቶች በየዓመቱ አንድ አንድ እያልን ቀንሰን ነበር። ማንም «ሒሳብ አትማሩ» አላለንም። አንዷ አገባች፤ አንዷ እናቷ ታመመችባት፤ አንዷ ቤት ስትደርስ ደብተር የምትከፍትበት ሰዓት አጣችና ቁጥሩ አምልጧት ቀረ። የተረፍነው ከኋላ እንቀመጣለን፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን በወንዶቹ ጭንቅላት መካከል እየሰረቅን እንጽፋለን። የሒሳብ መምህራችን ጋሽ ደሳለኝ ከናዝሬት የመጡ ወጣት ነበሩ። የሴት ልጅ ስም የሚጠሩ ሰሌዳ ለማስጠፋት ብቻ ነበር። ክፋት የለባቸውም፤ ሌላ ነገር እንጠየቃለን ብሎ የጠበቀም ከእኛ መካከል አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጀርባቸውን ሰጥተውን ጥያቄ ሲጽፉ፣ ከቀኝ ጆሮዬ አጠገብ «እኽ» የሚል ሰማሁ። ከዚያ ቁጥሩ መጣ። «ሰባት» አልሁ፤ ጮክ ማለቴን ያወቅሁ ዝምታውን ሰምቼ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ጥያቄውን ገና አልጨረሱም።

«ማን ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

«ትርንጎ ናት፣ ቲቸር» አለ አንዱ፤ «እንቅልፍ ወስዷት ነው!»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ጽፈው ጨረሱ፤ ጠመኔውን ይዘው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ዞሩ።

«መልሱን ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ነይ ውጪ።»

ሌላ ጥያቄ ጻፉልኝ። አሁንም ከቀኝ በኩል ያ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገና መልሱን ነገረኝ። ጻፍሁት።

«ልክ ነው። አሁን መንገዱን ጻፊው» አሉ።

ጠመኔውን ይዤ ቆምሁ። የሚጻፍ ነገር አልነበረኝም።

«መንገድ የለውም» አልሁ።

«በታንኳ መጥቶ ነዋ!» አለ ከመሐል አንድ ልጅ፤ ክፍሉ ተበጠበጠ። ጋሽ ደሳለኝ ግን አልሳቁም።

«ስሚኝ፣ ትርንጎ። በዓመቱ አጋማሽ ፈተና ላይ መልስ ብቻውን ዋጋ የለውም። መንገዱን ያላሳየ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ሳይንስ ክፍል የሚገባው በዚያ ፈተና ነው።»

ፈተናውን ያላለፈች ሴት ሆም ኢኮኖሚክስ ትመደባለች። እኔ ሳይንስ ክፍል መግባት እፈልግ ነበር። ምን እንደምሆንበት አላውቅም፤ ቁጥሩ እዚያ ስለሚቀጥል ብቻ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም።

የአባባ የአርባ ቀን ተዝካር ሲወጣ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጣለ። ካህናቱ ከበሉ በኋላ ጠላው ገባቸውና ክርክር ያዙ። ከዘጌ የመጡ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ አንደኛው የመጪው ዓመት ነነዌ በጥር ይገባል ይላሉ፣ ሌላው በየካቲት።

«እኔ ነኝ የማላውቅ? አንተ ገና ፊደል ስትቆጥር አይደለም እንዴ እኔ ይህን የቀጸልሁት!»

«ቀጽለህማ ረስተኸዋል። ምን ላድርግልህ፣ መሪጌታ የሉ ዳኛ እንዲሆኑን።»

እኔ ማስታጠቢያ ይዤ ለአንድ ሽማግሌ ቄስ እጅ አስታጥብ ነበር። ያ «እኽ» የሚል ድምፅ መጣ። በዚህ ጊዜ የመጣው ከጆሮዬ በኩል አልነበረም፤ ከገዛ ጉሮሮዬ ነበር።

«ወንበር አምስት። አበቅቴ ሃያ አምስት። መጥቅዕ አምስት። መጥቅዕ ከአሥራ አራት አንሷልና በዓሉ በጥቅምት ይውላል፤ ነነዌ በየካቲት ይገባል።»

የሽማግሌው እጅ ሳፋው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ማን ነው የተናገረ?» አሉ ሽማግሌው።

«የመሪጌታ የልጅ ልጅ ናት፣ አባ።»

«እሷንስ አየኋት። የተናገረውን ነው የጠየቅሁ።»

መምህራኑ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። አንደኛው ቀና ብለው «ልክ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የረታ ሰው ድምፅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጠላ የጠየቀ የለም። እናቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። በማግስቱ አንገቴ ላይ ክታብ አሰረችልኝ።

በእኛ አካባቢ ውቃቢ ባለቤቱ ሲሞት ከቤቱ ሰው አንዱን ይወርሳል ይባላል። ጎረቤቶቻችን እንዲያ ማለት ጀመሩ። እኔ ግን ውቃቢ ነው ብዬ አላሰብሁም። አባባ ናቸው ብዬ ነበር። በሕይወት ሳሉ እሳቸው ከእኔ ይሰሙ ነበር፤ አሁን ተራው የእኔ ነው፣ እኔ ከእሳቸው እሰማለሁ። ነገሩ የሚያስፈራ ሳይሆን ተገቢ መሰለኝ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውሃው መሸሽ ጀመረ። ትምህርታችን የጠዋት ፈረቃ ስለነበር እኩለ ቀን ላይ እለቀቃለሁ። ቤት ከገባሁ ውሃ መቅዳት፣ ማጠብ፣ ታናናሾቼን መያዝ አለ፤ ለሒሳብ የሚተርፍ ሰዓት የለም። ስለዚህ ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት በቀትር ወደ ባሕሩ እወርድ ነበር። ቀትር ሰው ውሃ ዳር የማይሄድበት ሰዓት ነው። የቀትር ጋኔን አለ ይላሉ። ለዚያ ነው ቦታውን የወደድሁት፤ ማንም አይመጣም።

አሮጌ ታንኳ ተደፍቶ ነበር፤ እሱ ላይ እቀመጣለሁ። በቀትር ነፋሱ ይቆማል። ውሃው አንድ ገበታ ይሆናል። ወፎቹ ውሃው ላይ ቆመው አይንቀሳቀሱም፤ ጥላም አይኖራቸውም። ደንገሉ ግን ነፋስ ሳይኖር፣ አንድ ሰው መሐሉን ይዞ እንደሚያልፍ፣ ከወዲያ ወዲህ መንገድ እያበጀ ይወዛወዝ ነበር። እኔ ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንዳንዴ አንብቤ ሳልጨርስ ከውሃው ላይ ጉሮሮ ሲጠረግ እሰማለሁ። ጉማሬ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ከዓባይ መውጫ በኩል ጉማሬ ይመጣ ነበር።

መንገዱን ብዙ ጊዜ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ቲቸር መንገዱን ነው የሚሉኝ» እላለሁ። ለዚህ መልስ ሰጥተውኝ አያውቁም።

ጥር ሲገባ ጎረቤታችን እትየ ማንጠግቦሽ ወደ ቤታችን መጣች። በጓሮ ልብስ ሳሰጣ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

«እንግዲህ አንቺ ብትቆጪም ብትጠይም እኔ እነግርሻለሁ። ልጅሽ በቀትር ውሃ ዳር ተቀምጣ ታወራለች።»

«ትምህርቷን እያነበበች ይሆናል።»

«ማንበብንማ መች አጣሁት፤ እኔስ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት እየሄድሁ አይደለም እንዴ? ያነበበ ሰው መልስ አይጠብቅም። እሷ ትናገርና ትጠብቃለች። ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች።»

«ሰው አየሽ?»

«ሰውስ አላየሁም።»

«ታዲያ?»

«ታንኳው ሰፊ ነው፣ እታለም። ልጅቷ ግን ጥግ ይዛ ነው የተቀመጠች። ለሰው ቦታ ለቃ ነው የተቀመጠች።»

ማታ እራት ላይ እናቴ ከቀኜ ያለውን የመደቡን ባዶ ቦታ ስታየው ያዝኋት። እዚያ ቦታ ሰው ተቀምጦ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁ።

«ነገ በማለዳ ጠበል እንሄዳለን» አለች።

«ትምህርት አለኝ፣ እማየ።»

«አባቴን ወስዷል። አንቺን አይወስድም።»

ጠበሉ በባሕሩ ዳር፣ በዛፎች መካከል ነበር። ገና ሳይሞቅ ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። አጥማቂው ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ውሃውን ያፈስና መስቀሉን ግንባር ላይ አድርጎ ይጠይቃል፤ መንፈሱ በሴትየዋ አፍ ይለፈልፋል። ከፊቴ የነበረችው ደቃቃ ሙሽራ ነበረች። ውሃው ሲነካት በወንድ ድምፅ ጮኸች።

ተራዬ ደረሰ። ውሃው በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

«ማን ነህ?» አለ አጥማቂው።

እኔም ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልግ ነበርና በእውነት አዳመጥሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ምስር ለቀማው ጊዜ ጆሮዬን ሰጠሁ። ጉሮሮ የሚጠርግ የለም። ውሃው ከፀጉሬ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል፤ ልቤ ይሰማኛል፤ ሌላ ምንም። ማንም አልነበረም። አባባም አልነበሩም። የሞቱ ቀን ያላለቀስሁትን ያን ጊዜ አለቀስሁ፤ ውሃ ስለነበረብኝ አልታየም።

«ዝምተኛ ነው» አለ አጥማቂው ለእናቴ። «የሚጮኸው ይሻላል። ዝምተኛው ክፉ ነው። ትምህርት ቤት አትሂድ። እስኪለፈልፍ ድረስ ሱባኤ ትግባ።»

ፈተናው በሚቀጥለው ሰኞ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስቀር ጋሽ ደሳለኝ ቤት ድረስ መጡ። እናቴ ተነሥታ ተቀበለቻቸው።

«ይግቡ ጋሼ። ቤቱ ጠባብ ነው እንጂ።»

«ደኅና ነው፣ እትየ። ስለ ትርንጎ ነው የመጣሁት። ሰኞ ካልተፈተነች ሆም ኢኮኖሚክስ ትመደባለች።»

«እሱ ምንድን ነው የሚማሩበት?»

«ምግብ ማዘጋጀት፣ ስፌት፣ ቤት አያያዝ።»

«ይኸንንማ እኔ አስተምራታለሁ። ለዚህ ደግሞ ዩኒፎርም ምን አስፈለገ?»

ጋሽ ደሳለኝ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ተስማማን። ትፈተን።»

«እኔ የፈራሁ ትምህርቱን አይደለም። የሚያስተምራትን ነው።»

«የማስተምራት እኔ ነኝ።»

«መልሱን እርስዎ ነው የሚነግሯት?»

«እሱ ለእኔም አልገባኝም» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። ከዚያ ስብሰባ ላይ እንደሚባለው «ይህ ሁሉ አጉል እምነት ነው፣ እትየ» እያሉ ከእኔ ቀጥሎ መደቡ ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ እዚያ አይቀመጡ!» አለች እናቴ።

ጉልበታቸው እንደታጠፈ ቆሙ። ባዶውን ቦታ አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ከማዶ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ናዝሬት ተወልደው በሳይንስ የተመረቁ ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም አልተቀመጡበትም።

ስሸኛቸው በሩ ላይ፣ «መልሱን ተይው» አሉኝ። «የመጣልሽን ሁሉ ተይና ከመጀመሪያው ተነሺ። አንዱ መሥመር ቀጣዩን ይወልዳል። መንገዱ ካለ መልሱ የትም አይሄድም።»

በቀሩት ማለዳዎች እየተጠመቅሁ ሌሎቹን ሴቶች ሳስተውል ሰነበትሁ። አጥማቂው ሁሉንም የሚጠይቀው አንድ ነው። ማን ነህ? ከየት ያዝሃት? መቼ ትወጣለህ? ምልክትህ ምንድን ነው? ማል። የሚለዋወጠው መልሱ ብቻ ነው፤ ጥያቄው እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው። መንፈስ ከማለ ደግሞ እስከ ማለበት ቀን ይተዉታል፤ እወጣለሁ ወዳለበት ቦታም ይወስዱታል። ይህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመሥመር ሠራሁት። ማንም አልነገረኝም።

ቅዳሜ ማለዳ መስቀሉ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ አፌን ከፈትሁ።

«ማን ነህ?»

«ስሜን አልናገርም» አልሁ። ድምፄን ለማወፈር አስቤ ነበር፤ ሳላወፍረው ወፍሮ ወጣ።

«ከየት ያዝሃት?»

«ከአያቷ ግድግዳ ሥር። ምስር ስትለቅም።»

እናቴ ከኋላ «ወይኔ!» አለች።

«መቼ ትወጣለህ?»

«ሰኞ። ፈተናው ላይ፣ ወረቀቱ ሲጻፍ። ሌላ መውጫ የለኝም።»

ያዘጋጀሁት እዚህ ድረስ ነበር። ምልክቱን ሲጠይቀኝ በሩን እከፍታለሁ ልል ነበር።

«ምልክትህ ምንድን ነው?»

«እናቷ ታየኛለች።»

ይህን ለማለት አላሰብሁም። ከየት እንደመጣ አላውቅም። አጥማቂው መስቀሉን ወደ ኋላ ሳብ አደረገና እንደገና ጫነው።

«ማል።»

«በመስቀሉ።»

«ሰኞ ትፈተን» አለ አጥማቂው ለእናቴ። «በሩ ላይ ቁመሽ ጠብቂ።»

ሰኞ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ አጥሩ ሥር ቆመች። የእኛ ክፍል መስኮት በዚያ በኩል ስለሆነ ራሷ ይታየኝ ነበር። ወረቀቱ ታደለ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብሁና እንደ ልማዴ ጠበቅሁ።

ምንም አልመጣም።

ሁለተኛውን አነበብሁ። ምንም። ያን ጊዜ ፈራሁ። በመስቀል ምያለሁ። እኔ ዘዴ ያልሁትን እሱ እውነት አድርጎት ቢሆንስ? ብዕሬን ያዝሁ፣ አስቀመጥሁ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የወንዶቹ ወረቀት ሲገለበጥ ነው። ከፊቴ ያለችው ልጅ ራሷን በክንዷ ደግፋ መጻፍ አቁማ ነበር።

የጋሽ ደሳለኝን ቃል ያዝሁ። ከመጀመሪያው ተነሣሁ። የተሰጠውን ጻፍሁ። ከሥሩ አንድ መሥመር ጻፍሁ። ከዚያ መሥመር ምን እንደሚከተል ራሴን ጠየቅሁና ቀጣዩን ጻፍሁ። በጨለማ ግድግዳ እየዳሰሱ እንደመሄድ ነበር። የሚመራኝ የለም፤ እግሬ ያረፈበት ቦታ ግን መሬት ነበር። መልሱ ሲወጣ ከየት እንደመጣ አየሁት። በመካከሉ ቀና ስል አግዳሚው ወንበር መሐል ላይ መቀመጤን አስተዋልሁ። ከቀኜ ለሰው የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ደወል ሲደወል የመጨረሻውን መሥመር እየጻፍሁ ነበር። ጋሽ ደሳለኝ ወረቀቱን ከእጄ ሲወስዱ ከላይ እስከ ታች አዩት። ወደ በሩ ወጣሁ። እናቴ ፊቷ አመድ መስሏል። ክንዴን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ፤ ሥጋ መሆኔን እንደምታረጋግጥ ሰው። እስከ ቤት አልለቀቀችኝም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ለሳይንስ ክፍል ከተመረጡት ውስጥ ስሜ ነበር። ከሴት እኔና አንዲት ልጅ ብቻ ነበርን። ቤት ስደርስ እናቴ ጓሮ ዱቄት ትነፋለች።

«ስምሽ አለ?» አለች ቀና ሳትል።

«አለ።»

«እሱ ከወጣ በኋላ ነው የሠራሽው?»

«መውጣቱን በምን አወቅሽ?»

«አይቼዋለሁ እኮ።»

ወንፊቱን ያዝ አድርጋ ቀና አለች።

«አባቴን ነበር የጠበቅሁ» አለች። «መቋሚያቸውን ይዘው ይወጣሉ ብዬ ዓይኔን ከበሩ አልነቀልሁም። እሰናበታቸዋለሁ ብዬም ነበር።»

«ወጡ?»

«እሳቸው አልነበሩም። አንቺ ነበርሽ። በዚያው በዩኒፎርምሽ፣ ደወሉ ሳይደወል በሩን ከፍተሽ ወጣሽ። ‹ትርንጎ› ብዬ ጠራሁሽ። ዞረሽም አላየሽኝ። ቀጥ ብለሽ ወደ ባሕሩ ወረድሽ።»

«እኔ ደወሉ እስኪደወል ውስጥ ነበርሁ፣ እማየ።»

«አውቃለሁ። በመስኮቱም ትታዪኛለሽ፤ አቀርቅረሽ ትጽፊያለሽ።»

ወንፊቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

«የትኛዋን ተከትዬ እንደምሄድ ጨነቀኝ። ኋላ የምትጽፈዋን ጠበቅሁ።»